ጫማ ለዐይን ወይስ ለእግር?

በግቢያችን ውስጥ ስለ ጫማ የሚነገረው ነገር ብዙ ነው። ስለ ቀለሙ፥ ስለ ስሙ፥ ከየት አገር እንደ መጣና ማን እንደ ላከው ሲወራ እንሰማለን። ጫማው ግን ከተሠራበት ቁም ነገር ጋር፥ ማለት ከመርገጥና ከመሄድ ጋር ያለው ጉዳይ የሚነሣው የመስክ ጉዞ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ ነው። ያን ጊዜ መኝታ ቤቱ ሁሉ ይተራመሳል። አንዱ ካንዱ ይዋሳል፤ እግሩ 42 ቁጥር የሆነው ወንድማችን በ40 ቁጥር ውስጥ ጣቶቹን አጥፎ ይከታል፤ እኅታችን የወንድሟን ጫማ አምጥታ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ትወትፋለች። የሚዋሰው ያጣ ደግሞ «ዛሬ አሞኛል» ብሎ ከአልጋው ሳይነሣ ይቀራል።

ብዕራችንን ያስነሣው ይህ የመጨረሻው ጓደኛችን ነው። «አሞኛል» ያለው ተማሪ አልታመመም፤ ጫማ የለውም። ጫማ የለኝም ብሎ መናገር ደግሞ፥ ይልቁንም በሃያ ዓመት ዕድሜ፥ ራሴን አሞኛል ከማለት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ የሥነ ምድር ተማሪ የሆነው ድንጋዩን በእጁ ሳይዳስስ፥ የዕፀዋት ተማሪ የሆነችው ጅብራን በበቀለበት ተራራ ላይ ቆማ ሳታይ፥ ጓደኞቻቸው ይዘውላቸው በመጡት ፎቶግራፍ ይማራሉ። ለመንሸራሸር ብቻ በሚደረገው ጉዞ እንኳ የቀረው ሰው የሚቀርበት ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም፤ አገሩን በእግሩ የማወቅ ዕድል ነው። እንግዲህ የቡት ጫማ ነገር የጌጥ ወሬ አይደለምና አንባብያን በትዕግሥት እንዲከተሉን እንለምናለን።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። የመንገድ ጫማ የሚመረጠው በተመልካች ዐይን ሳይሆን በባለቤቱ እግርና በሚረገጠው መሬት ነው፤ ከተገዛ በኋላ ደግሞ ዕድሜውን የሚወስነው ከተከፈለበት ገንዘብ ይልቅ የሚይዘው እጅ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለልብስ ቢነገርም ለጫማም ይሠራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያወቀ ተማሪ በጥቂት ገንዘብ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ያላወቀ ግን በብዙ ገንዘብ የቈሰለ ተረከዝ ይገዛል።

«ጥሩ ቡት ጫማ የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ «የት ልትሄድበት?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦን በክረምት የሚወጣ ሰው የሚገጥመው የሚያንሸራትት ቀይ አፈርና በላዩ የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ሶሉ ጥርስ ያለው እንዲሆን ያስፈልጋል። በሐምሌ በሜዳው ዋልካ ላይ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ከሶሉ ሥር እየተጋገረ እግሩን እንደ ድንጋይ ያከብድበታል፤ ለዚህ ሰው የሶሉ ጥርሶች የተራራቁና ጭቃውን የሚተፉ ቢሆኑ ይሻለዋል። ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ዳሽን ለመውጣት ስሜን የሚሄድ ሰው ቀን ፀሐይ ሲያቃጥለው ውሎ ሌሊት ውኃ በሚያረጋ ብርድ ያድራል፤ ጓዙንም ተሸክሞ ለብዙ ቀን በድንጋይ ላይ ስለሚራመድ ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝና ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ይፈልጋል። ወደ አፋር ወርዶ ኤርታ አሌን ለማየት የሚሄድ ሰው ደግሞ ብርድ አያስጨንቀውም፤ ነገር ግን የቀዘቀዘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ስለሆነ ቀጭን ሶል በአንድ ጉዞ ይጨርሳል።

ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ጫማ አለ የሚል ነጋዴ ቢገኝ እንግዲህ አትመኑት። ይሁን እንጂ የተማሪ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቀን፥ ቢበዛ የሦስት ቀን ነው። ለዚህ በበረዶ ላይ ለሚወጡ ሰዎች የተሠራው ከባድ ጫማ አያስፈልግም። በእግር ላይ ያለ ክብደት በጀርባ ካለ ክብደት ይልቅ ያደክማል፤ በየርምጃው እየተነሣ ይወድቃልና። ከመርካቶ የሚገዛው ወታደራዊ ከስክስ ጠንካራ ነው፤ ከአሜከላና ከድንጋይ ይከላከላል፤ ግን ከባድ ስለሆነ በልክ ካልሆነ በቀር ጌታውን ይቀጣዋል። በደረቅ መንገድ ላይ ደግሞ በልክ የሆነ የስፖርት ጫማ በልክ ካልሆነ ውድ ቡት ጫማ እንደሚበልጥ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ልክ ያልነው ነገር እንዴት ይታወቃል? ብዙዎቻችን ጫማ ስንገዛ አንድ እግራችንን ከተን፥ ቆመን፥ ወደ መስተዋቱ አይተን «ልኬ ነው» እንላለን። ይህ ለሠርግ ቤት ይበቃ ይሆናል፤ ለተራራ ግን አይበቃም። የሚከተሉትን ነገሮች በሱቁ ውስጥ ሳንቸኩልና ሳናፍር ብናደርግ ብዙ ሥቃይ ይቀርልናል።

1ኛ፤ ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። እግር ሲሄድ ሲቆም ውሎ ማታ ያብጣል፤ በመንገድ ላይም እንደዚሁ ያብጣል። በጧት ልክ የሆነው ጫማ በዘጠኝ ሰዓት ጠላት ይሆናል።

2ኛ፤ በጉዞው ላይ የሚደረገው ወፍራም ካልሲ ተይዞ ይኬድ። በስስ ካልሲ የተለካ ጫማ በወፍራም ካልሲ ሌላ ጫማ ነው።

3ኛ፤ ሁለቱም እግሮች ይለኩ። የሰው ግራና ቀኝ እግር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ቁጥሩ የሚወሰደው በትልቁ እግር ነው።

4ኛ፤ ክሩን ሳናስር ጣቶቻችን የጫማውን አፍንጫ እስኪነኩ ወደ ፊት ገፍተን ከተረከዛችን በስተኋላ አንድ ጣት ለመክተት እንሞክር። ጣት ካልገባ ጫማው አጭር ነው፤ ሁለት ጣት እንደ ልብ ከገባ ረጅም ነው።

5ኛ፤ ክሩን አስረን እንራመድ፤ ደረጃ ካለ እንውጣ፤ በተለይም እንውረድ። ሽቅብ ስንወጣ ተረከዛችን ከጫማው ውስጥ ብድግ ካለ በዚያ ቦታ ውኃ ይቋጥራል። ቁልቁል ስንወርድ ጣቶቻችን አፍንጫውን ከመቱ ደግሞ ጥፍራችን ጠቁሮ ይወልቃል። እግር የሚጠፋው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ መሆኑን ከወጨጫ ወይም ከዝቋላ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

6ኛ፤ ጫማውን በሁለት እጃችን ይዘን አፍንጫውን ወደ ላይ እንጠፈው። የደኅና ጫማ ሶል የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። በመካከሉ እንደ ወረቀት ከታጠፈ እግሩን አይደግፍም፤ ምንም የማይታጠፍ ከሆነም ለኛ መንገድ አይመችም።

7ኛ፤ ሻጩን «ጋሼ፥ ይህ ሶል በክር ተሰፍቷል ወይስ በማስቲሽ ብቻ ተጣብቋል?» ብለን እንጠይቅ። በክር የተሰፋ ሶል ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ይለውጠዋል። ማስቲሽ ብቻ የያዘው ሁሉ መጥፎ ነው ባንልም መገጣጠሚያውን በጣታችን ጫን ብለን አፉን የሚከፍት መሆን አለመሆኑን ሳናይ ገንዘብ አንክፈል።

ስለ ሶል ጥርስ ከተነሣ አንድ ታሪክ እናስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 በኢጣልያ ተራሮች፥ ፑንታ ራሲካ በሚባለው ጫፍ ላይ፥ ስድስት ተራራ ወጪዎች በብርድና በዐውሎ ነፋስ ተይዘው ሞቱ። በዚያን ዘመን ለአለት መውጫ የሚደረገው ጫማ ሶሉ ስስ ስለነበረ ብርድን አይከላከልም፥ በበረዶም ላይ አይቆነጥጥም ነበር፤ ሚስማር የተመታበት ከባድ ጫማ ደግሞ ለአለቱ አይመችም ነበር። የጉዞው ባልደረባ የነበረው ቪታሌ ብራማኒ ይህን ካየ በኋላ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል ሠራ፤ በ1937ም ሥራ ላይ ዋለ። ቪብራም የተባለው የሶል ስም ከዚህ ሰው ስም የወጣ ነው። ዛሬ በየጫማው ሥር የምናየው የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥርስ እንዲያው ለጌጥ የተቀረጸ አለመሆኑን ይህ ታሪክ ይነግረናል። ጥርሱ ያለቀ ሶል ይዞ በእርጥብ አለት ላይ የሚወጣ ሰው ላዩ ቢያብረቀርቅም በባዶ ሶል እንደሚሄድ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። «ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አሸንፎ የለም ወይ? ገበሬውስ በባዶ እግሩ ወይም በበርባሶ ተራራውን ሲወጣ ሲወርድ ይኖር የለም ወይ? ቡት ጫማ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ክርክሩ የሚያምር ነው፤ ግን እውነቱን ሙሉ አያደርገውም።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ መጨረሱ ለዘላለም የሚያኰራን ነው። ጫማ ሳያደርግ የሮጠበት ምክንያት ግን፥ እንደሚነገረው፥ በዚያ የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው ነው፤ ቀድሞም በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። እንግዲህ የአበበ ታሪክ የሚያስተምረን ጫማ አያስፈልግም ብሎ አይደለም። በልክ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚከፋ፥ በልክ የሆነ ጫማ ግን ጀግናውንም እንደሚረዳው ነው። ለእግሩ የፈረደ ሰው ነበረ፤ ለተመልካች ዐይን አልፈረደም።

ስለ ገበሬው ደግሞ እንነጋገር። ገበሬው መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የእግሩም ቆዳ ጠንክሯል። ጫማ ሳያደርግ የኖረው ግን ወዶ አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት የረገጠ ሰው በአፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በቆዳው ገብቶ እግሩን የሚያሳብጥ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ተብሎ ይጠራል። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሠቃያሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው። ስለዚህ በገበሬው ባዶ እግር የምንመጻደቅ ሰዎች እግሩን ቀረብ ብለን ብናየው አፋችንን እንይዝ ነበር። በርባሶ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቈርጦ የሚሠራው ይህ ጫማ ርካሽ ነው፤ ቢበጠስ በሚስማርና በመዶሻ ይጠገናል፤ ማንም አያፍርበትም። ከርሱ የምንማረው ጫማ ለሥራ የተሠራ ዕቃ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። አዲስ ቡት ጫማ ለመግዛት የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ሰልባጅ እንፈልጋለን። ሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ እንዲያውም የታወቀ የተራራ ጫማ በርካሽ የሚገኘው በዚያ ነው። ነገር ግን ወጥመድ አለበት። በዘመናችን ብዙ ቡት ጫማዎች ከላዩ ቆዳና ከታችኛው ጎማ መካከል ፖሊዩሬታን ከሚባል ለስላሳ ነገር የተሠራ ንጣፍ አላቸው። ይህ ነገር በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ከዓመታት በኋላ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ጫማው ሳይደረግ በሣጥን ቢቀመጥም አይድንም። ስለዚህ ምንም ያልተደረገበትና እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ሰልባጅ በተራራው አጋማሽ ላይ ሶሉን እንደ ደረቀ ዳቦ ሲፈረፍር ይገኛል። መላው ይህ ነው፤ ከቆዳውና ከጎማው መካከል ያለውን ንጣፍ በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብሎ ማየት፥ ሶሉንም አጥፎ ማየት። ጥፍር ሲጫነው ተመልሶ ካልተነሣ፥ ቢሰነጠቅ ወይም ዱቄት ቢያወጣ፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅር። ቀጥሎ የውስጡ ንጣፍ ይውጣና ይታይ። የቀድሞው ባለቤት እግር በጥልቀት የቀረጸው ጫማ የርሱን እግር እንጂ የኛን አይቀበልም።

ጫማው ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ስሕተት መቸኰል ነው። አዲስ ጫማ በጉዞው ጧት መጀመሪያ የሚያደርግ ሰው ለራሱም ለጓደኞቹም ሸክም ይሆናል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና ሁለት ሳምንት ያህል በግቢ ውስጥ፥ ከመኝታ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት፥ ቀጥሎም ለአንድ ሁለት ሰዓት ሽቅብ መንገድ እናድርገው። ቆዳው ከእግራችን ጋር ይተዋወቃል፤ የሚያሻክረውም ቦታ ሐኪም በሌለበት ተራራ ላይ ሳይሆን እዚሁ ይታወቃል። ካልሲው ደግሞ ከጥጥ ይልቅ ከሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይረጥባል፤ እርጥብ ካልሲም ቆዳን ያሻክራል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። የእግር ጥፍር ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን በፊት ይቈረጥ። በመንገድ ላይ አንድ ቦታ ሲያቃጥል «ዝም ብዬ ልቻለው» ማለት ጀግንነት አይደለም፤ ውኃ ሳይቋጥር ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከቋጠረ በኋላ ግን ጉዞው ሁሉ ይበላሻል። ክሩም ሽቅብ ሲወጡ ከቁርጭምጭሚት በላይ ላላ፥ ቁልቁል ሲወርዱ ጠበቅ ይደረግ።

ከጉዞ መልስ ያለው ሥራ ብዙዎቻችን የምንሸሸው ነው። ሰው ይደክመዋል፤ ጫማውን ከነጭቃው ከአልጋው ሥር ወርውሮ ይተኛል። ከዚያ በሚቀጥለው ጉዞ ዋዜማ ሲያወጣው እንደ ቅርፊት ደርቆ፥ ተሰንጥቆ፥ ሻግቶም ያገኘዋል። ጭቃ ሲደርቅ ከቆዳው ውስጥ እርጥበቱንና ቅባቱን ይመጥጣል፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚያው ማታ፥ እግር ከመታጠቡ ጋር፥ ጭቃው በብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ ይጠረግ፤ በሶሉ ጥርስ መካከል ያለው በእንጨት ይውጣ። የልብስ ሳሙና ዱቄት አይነካው፤ የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይወስዳልና።

ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የረጠበ ጫማ በከሰል ምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ በብርቱ ፀሐይም አይሰጣ። ቆዳ በእሳት ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽም ይለቃል። ደኅነኛው መንገድ ቀላል ነው። ክሩ ይፈታ፤ ምላሱ ወደ ፊት ይሳብ፤ የውስጡ ንጣፍ ወጥቶ ለብቻው ይድረቅ፤ ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ተጨምድዶ በጫማው ውስጥ ይጠቅጠቅ። ጋዜጣው ውኃውን ይጠጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሌላ ደረቅ ጋዜጣ ይለወጥ። ጫማው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ይደርቃል። የዚህ መጽሔት አሮጌ ቅጂዎችም ለዚህ አገልግሎት ቢውሉ አዘጋጆቹ አይቀየሙም።

ቆዳው ሲደርቅ መመገብ አለበት። አገራችን በማርና በሰም ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ንጹሕ ሰም ከጥቂት ሞራ ጋር ቀልጦ ሲቀላቀል ውኃ የሚከላከል ቅባት ይሆናል። በጨርቅ እየተቀባ፥ በተለይም በስፌቱና ሶሉ ከቆዳው በሚገናኝበት ቦታ ላይ፥ በጣት ሙቀት እየታሸ ይግባ። ሲበዛ ግን ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ በስሱ ይሁን። ቅቤ አይሆንም፤ ይሸታል። ላዩ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ቆዳ ደግሞ ቅባት ከነካው መልኩ ይጠፋል፤ እርሱ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጠረግ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ብቻውን ለመንገድ ጫማ በቂ አይደለም፤ የቀለሙ ሥራ ለዐይን ነው፥ የቅባቱ ሥራ ግን ለቆዳው ነው።

«ይህን ሁሉ ሊስትሮ ይሠራልን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሊስትሮዎቹን እናከብራለን፤ ከነርሱ መካከል ጫማ እየጠረጉ የሚማሩ ልጆች መኖራቸውን እናውቃለን፤ እንጀራቸውንም አንቀማቸውም። ነገር ግን ሊስትሮ እሑድ ማታ ከመኝታ ቤታችን አይገኝም፤ ጭቃው ደግሞ እስከ ሰኞ አይጠብቅም። ይልቁንም የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የገዛ ጫማችንን በገዛ እጃችን ማጠብ እናፍራለን፤ ወስፌና ክር ይዞ የተተረተረ ስፌት የሚሰፋ ተማሪ ቢታይ ይሣቅበታል። ይህ ሣቅ አዲስ አይደለም። በአገራችን ቆዳ አልፊውና ጫማ ሰፊው ለብዙ ዘመን ሲሰደብ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም ንቀቱ በአንዳንድ የተማረ ሰው ልብ ውስጥ መኖሩን በወስፌው ላይ የሚሣቀው ሣቅ ይመሰክራል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ የሆነች አገር ልጆች ሆነን ቆዳ እንዴት እንደሚያዝ አለማወቃችን ሊያሳፍረን በተገባ ነበር፤ የምናፍረው ግን በማወቁ ነው።

እንግዲህ ትችት ብቻ ጽፈን እንዳንቀር ለኅብረታችን ሦስት ነገሮች እናቀርባለን። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛው፤ የጉዞ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ጊዜ ቀኑና የመኪናው መነሻ ሰዓት ብቻ አይጻፍ። የሚረገጠው መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ፥ ሽቅቡ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፥ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚበቃ ከሦስት ሳምንት በፊት ይገለጽ። የስፖርት ጫማ የሚበቃበት ጉዞ ከሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ አንዳንዱ ተማሪ የሚቀረው በማያስፈልግ ጫማ ፈርቶ ነውና።

ሁለተኛው፤ በኅብረቱ ክፍል ውስጥ አንድ የጋራ ሣጥን ይቀመጥ። በውስጡ ሁለት ብሩሽ፥ ሰምና ሞራ፥ ወስፌ፥ ሰም የተቀባ ክር፥ ትርፍ የጫማ ክር፥ አሮጌ ጋዜጣ ይኑር። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ጫማ ሰፊ ተጋብዞ፥ ለሙያው የሚገባው ተከፍሎት፥ ስፌትና ሶል እንዴት እንደሚጠገን ያስተምረን። መምህር ብለን ከፊቱ ብንቀመጥ የንቀቱ ግማሽ በዚያ ቀን ይቀራል።

ሦስተኛውና ዋናው፤ ተመራቂዎች ሲወጡ ቡት ጫማቸውን ለኅብረቱ ትተው ይሂዱ። ጫማው ታጥቦ፥ ተጠግኖ፥ ቁጥሩ ተጽፎበት በመደርደሪያ ይቀመጥ፤ ጫማ የሌለው ተማሪ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ፈርሞ ይውሰድ፥ አጽድቶም ይመልስ። በርግጥ ጫማ እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ የሌላ ሰው እግር የቀረጸው ጫማ ለሁሉ እንደማይስማማ ከላይ ተናግረናል። ስለዚህ ከቁጥር ሁለት ሦስት ዓይነት ይኑር፤ ተዋሹ ከላይ በዘረዘርነው መንገድ ሞክሮ ይምረጥ፤ የውስጡ ንጣፍም ለየሰው ይለወጥ። ፍጹም አይሆንም፤ ነገር ግን በጉዞው ዋዜማ ማታ ከበር ወደ በር እየዞሩ ከመለመን እጅግ የተሻለ ነው። እንደ መጽሐፍ ፈርሞ የሚወስድ ሰውም ውለታ አይቈጠርበትም።

«ኅብረቱ ስንት ታላላቅ ጉዳይ እያለበት በጫማ ይጠመድ ወይ?» እንደሚባል እናውቃለን። ታላላቁን ጉዳይ አንንቅም። ሆኖም አገራችንን እንወዳለን፥ ሕዝባችንን እናገለግላለን ስንል መንገዱ የሚያልፈው በጭቃና በድንጋይ ላይ ነው፤ ገጠሩን ከመኪና መስኮት ያየ ሰው ገጠሩን አየ አይባልም። ወደዚያ የሚወስደን እግራችን ነው፤ እግራችንን ደግሞ የሚጠብቀው ይህ የናቅነው ዕቃ ነው። የሚመጣው የመስክ ጉዞ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከጓደኞቻችን መካከል አንዱ «አሞኛል» ቢል እውነት አሞት ይሁን እንጂ በጫማ ምክንያት እንዳይሆን እንመኛለን፤ ከመመኘትም አልፎ ሣጥኑን ለመሙላት የመጀመሪያውን ብሩሽና የመጀመሪያውን ሰም እኛ እናመጣለን።